መርዝ የማይነካቸው ፊታውራሪ

ፊታውራሪ አጥናፍ አንድ ደብተራ የቀመመላቸውን መድኃኒት ከዋጡ ወዲህ፣ «እኔን እንግዲህ መርዝ አይነካኝም» እያሉ ሚስታቸውን ሳይቀር ሲያሰለቹ ከረሙ። አንድ ቀን ይህንኑ ለእንግዶቻቸው ሲያወሩ፣ ከባላንጣቸው ቤት አንድ እንስራ ጠጅ ተላከላቸው። እንደ ደንቡ አሳላፊው በመዳፉ ጠብ አድርጎ ቀድሞ መቅመስ አለበት። ታዲያ ወደ አፉ ሲያስጠጋው ሽታው አላማረውም፤ እጁን መለሰ።

ፊታውራሪ፣ «ምን ይገትርሃል? ትቀምሳለህ ወይስ ላስገርፍህ?» አሉት።

«ጌቶች፣» አለ አሳላፊው እጅ ነሥቶ፣ «እኔ ቀምሼ ብሞት የምናውቀው የጠጁን ነገር ብቻ ነው። እርስዎ ቢቀምሱት ግን የመድኃኒቱም ነገር አብሮ ይለይልናል።»

እንግዳው ሁሉ ዞሮ ፊታውራሪን ተመለከተ። እሳቸውም ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «ዛሬስ ጠጅ አላሰኘኝም፤ ድፉት» አሉ።