አልከፈትም ያለው ጌም

ተረት ልንገራችሁ። «የላም በረት» ብላችሁ የምትቀበሉኝ ከሆነ ግን ላሟን አስወጡልኝና በረቱ ውስጥ አንድ አሮጌ ኮምፒውተር አስገቡልኝ። የዛሬው ተረት የሚፈልገው እሱን ነው።

ደሴ ውስጥ፣ ሰኞ ገበያ ሰፈር፣ ረምላ የምትባል እልኸኛ ልጅ ነበረች። ኮምፒውተሯን የገጣጠመችው ራሷ ናት። ሳጥኑን ከተዘጋ ቢሮ፣ ስክሪኑ ላይ ስዕል የሚስለውን ግራፊክስ ካርድ ከፈረሰ ጌም ቤት አምጥታለች፤ ማራገቢያው ከየት እንደመጣ እሷም ረስታዋለች። ሲበራ እንደ ወፍጮ ያጓራል። ቢያጓራም ይሠራል። በዚያ ማሽን የሰፈሩን ወንዶች ተራ በተራ አሸንፋ፣ አምስት ሰው ባለው የሰፈሩ የጌም ቡድን ብቸኛዋ ሴት ሆና ገብታለች።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ጌሙ በአዲስ መልክ ታድሶ መጣ። የዚያኑ ቀን ከሰዓት በኋላ የኮምቦልቻን ልጆች የሚገጥሙበት ውድድር አለ። ረምላ ልትከፍተው ብትጫን፣ ብትጫን፣ ወይ ፍንክች! ወዲያው የቡድኑ አለቃ አቤነዘር ደወለ።

«አልከፈተልሽም አይደል? ብዬሽ ነበር እኮ። ያንን ቆርቆሮ ለቆራሌ ሽጪው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ካልገባሽ ቦታሽን ለአጎቴ ልጅ ነው የምሰጠው።»

«ስትሰጠው አያለሁ!» ብላ ዘጋችበት።

ቦታው የእሷ ነው። ማንም አልቸራትም፤ ተጫውታ ነው ያገኘችው። ዛሬ ከለቀቀችው ደግሞ «ሴት ልጅና ጌም» እያሉ ሲስቁባት እንደሚከርሙ ታውቃለች። ደሟ ፈላ። ወደ ጌሙ ዞረች።

«ተከፈት!» አለችው።

«አልከፈትም» አለ ጌሙ። «ካርዱ ካልሳለልኝ ባዶ ስክሪን ይዤ ምን ላሳይሽ?»

«እኔም አልተውም!» አለች ረምላ።

ወደ ካርዱ ሄደች። «አንተ ካርድ፣ ሳል እንጂ! ጌሙ አልከፈትም ብሏል።» ካርዱ አቧራውን አራግፎ፣ «አልስልም፤ ድራይቨሩ ካላዘዘኝ እጄን አላነሳም» አላት። ድራይቨር ማለት በካርዱና ማሽኑን በሚያስተዳድረው ሲስተም መካከል የሚቆም አስተርጓሚ ነው። እሱ ዝም ካለ ሁለቱ ቋንቋ እንደማይግባቡ መንገደኞች ሲፋጠጡ ይውላሉ።

«እኔም አልተውም!» አለችና ወደ ድራይቨሩ ሄደች። «ካርዱን እዘዘው! ካርዱ አልስልም አለ፣ ጌሙ አልከፈትም አለ።» ድራይቨሩ ኩራቱ ለብቻ ነው። «አላዝም» አለ። «እኔ አዲስ ነኝ፣ ሲስተሙ አሮጌ ነው። እሱ ካልታደሰ እኔ አልቀመጥበትም።»

እዚህ ላይ ረምላ ኢንተርኔት ላይ ሰው ጠየቀች። አንዱ «አዲስ ማሽን ግዢ» አላት። ሌላው «ሲስተሙን ነቅለሽ ሌላ ዓይነት ትከዪ» አላት። ሦስተኛው «ጌም ምን ያደርግልሻል?» አላት። ምክር አይከፈልበትም፤ ሁሉም አለው። ዘጋችባቸውና ወደ ሲስተሙ ሄደች።

«ታደስ!» አለችው። «ድራይቨሩ አላዝም አለ፣ ካርዱ አልስልም አለ፣ ጌሙ አልከፈትም አለ።»

«አልታደስም» አለ ሲስተሙ። «ዲስኩ ቦታ ካልለቀቀልኝ የት ልተኛ?»

«እኔም አልተውም!» አለችና ወደ ዲስኩ ሄደች። «ቦታ ልቀቅ! ሲስተሙ አልታደስም አለ፣ ድራይቨሩ አላዝም አለ፣ ካርዱ አልስልም አለ፣ ጌሙ አልከፈትም አለ።» ዲስኩ በቁንጣን እያቃሰተ፣ «አልለቅም፤ መጀመሪያ ሠርጉ ይውጣ» አላት።

የምን ሠርግ? የአክስቷ የዘምዘም ሠርግ ነዋ! ኒካሁ፣ ሠርጉ፣ መልሱ፣ ቅልቅሉ፣ አንድም ጭብጨባ ሳይቆረጥ ሙሉው ቪዲዮ ዲስኩን ሞልቶት ተኝቷል። አክስቷ ናት ሌላ ቅጂ የለኝም ብላ በአደራ ያስቀመጠችው። አቤነዘር ቢሆን «አጥፊውና ተገላገይ» ይል ነበር። ረምላ ግን እልኸኛ ትሁን እንጂ አደራ በላ አይደለችም። አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ ነው። ቪዲዮውን የምትገለብጥበት ትርፍ ዲስክ ከጎረቤት ተውሳ ወደ አክስቷ ሄደች።

ዘምዘም ከባሏ ተኳርፋ እነ ረምላ ቤት ጓዳ ተቀምጣለች።

«እትዬ፣ ሠርግሽን ወደ ሌላ ዲስክ ላዛውረው። ዲስኩ አልለቅም አለ፣ ሲስተሙ አልታደስም አለ፣ ድራይቨሩ አላዝም አለ፣ ካርዱ አልስልም አለ፣ ጌሙ አልከፈትም አለ።»

«ወላሂ አይነካም!» አለች ዘምዘም። «እኔ ከቤቴ ወጥቼ፣ ሠርጌም ካለበት ይውጣ? ሰው ሲሰማ ትዳሯን ጠቅልላ አወጣች አይልም? አህመዲን ካልታረቀኝ ሠርጌን አላስወጣም።»

«ምን አድርጎሽ ነው ግን?»

«አንቺ በሌለሽበት በማሽንሽ የሠርጋችንን ቪዲዮ ከፍቼ ሳሳየው ተኝቶ አንኮራፋ!» አለችና ዓይኗን በነጠላዋ ጠረገች። ነገሩ ያስቃል፤ ለዘምዘም ግን አያስቅም። ረምላም አልሳቀችም።

«አብሽሪ እትዬ፣ እኔም አልተውም!» ብላ ወደ አህመዲን ጎማ ቤት ሮጠች።

«ጋሼ፣ ታረቃት! እትዬ ሠርጌን አላስወጣም አለች፣ ዲስኩ አልለቅም አለ፣ ሲስተሙ አልታደስም አለ፣ ድራይቨሩ አላዝም አለ፣ ካርዱ አልስልም አለ፣ ጌሙ አልከፈትም አለ።»

አህመዲን የያዘውን ጎማ አስቀመጠ። ፊቱ ከከሳ ሰነባብቷል። «የግማሽ ቀን ቪዲዮ ማን ነቅቶ ይጨርሳል፣ ረሙ? ናፍቃኛለች። ግን ብቻዬን ሄጄ ብታባርረኝስ? ያጋቡን አባባ ይመር ናቸው። ሽማግሌ ሆነው እሳቸው ካልመጡ አልሄድም።»

አባባ ይመር ሻይ ቤቱ በረንዳ ላይ ዳማ ይጫወታሉ። የበረንዳው ሕግ አንድ ነው፦ የተሸነፈ ይነሳል፣ ያሸነፈ ይቀመጣል። ረምላ እጅ ነስታ ጀመረች።

«አባባ፣ ይነሱልኝ! ጋሼ አህመዲን አልሄድም አለ፣ እትዬ ሠርጌን አላስወጣም አለች፣ ዲስኩ አልለቅም አለ፣ ሲስተሙ አልታደስም አለ፣ ድራይቨሩ አላዝም አለ፣ ካርዱ አልስልም አለ፣ ጌሙ አልከፈትም አለ!»

«ልጄ፣ እኔ ምን ላድርግ?» አሉ። «ሳልሸነፍ አልነሳም። ሕግ ነው። የሚያሸንፈኝ ደግሞ ጠፋ።»

ረምላ ቆማ ተመለከተች። ተጋጣሚያቸው ሊበላቸው የሚችለውን ቆርኪ አይቶ እንዳላየ አለፈው። ተሸንፎ ተነሳ። የተተካውም እንዲሁ አደረገ። ጉዳዩ ገባት። ሽማግሌ አይሸነፍም ብለው፣ ለክብራቸው ብለው፣ ሁሉም እያወቀ ይሸነፍላቸዋል። እሳቸውም ጉልበታቸው እየቆረጠማቸው ሽንት ቤት እንኳ ሳይሄዱ ይውላሉ።

«እኔ ልግጠምዎት» አለች።

በረንዳው በሳቅ ፈረሰ። «ሴት ልጅ ዳማ?» አለ አንዱ። እሷ ተቀመጠች። አንድ ቆርኪ አስበላቻቸው፤ ደስ ብሏቸው በሉ። ከዚያ በአንድ ዝላይ ሦስት በላችባቸው። «ተይ እንጂ፣ ነውር ነው!» ብሎ አንዱ ከኋላዋ በክርኑ ጎሸማት። አልተወችም። የመጨረሻዋን ቆርኪ አነሳችና ሰሌዳው ዳር አስቀመጠች።

«ይነሱ፣ አባባ።»

አባባ ይመር ሰሌዳውን አዩ፤ ከዚያ ወዳጆቻቸውን አንድ በአንድ አዩ። ሁሉም አቀረቀረ።

«እስከዛሬ እያዘናችሁልኝ ነበር?» አሉ። «ጎበዝ ነኝ እያልኩ ለሚስቴ ስፎክር!»

ረምላ ዓይኗን አልሰበረችም። «እኔ አላዘንኩልዎትም፣ አባባ። ተጫዋች ናቸው ብዬ ነው የገጠምኩዎት።»

አባባ ትከሻቸው እስኪነቃነቅ ሳቁ። «ነገ ትመለሻለሽ! አልምርሽም!» ብለው ከዘራቸውን ተመርኩዘው ተነሱ።

እሳቸው ሲነሱ ሁሉም ተነሳ! አባባ ይመር አህመዲንን ይዘውት ሄዱ፣ አህመዲን ዘምዘምን ይቅርታ ጠየቃት፣ ዘምዘም «እንቅልፋም!» ብላ ሳቀችለት፣ ሠርጉ ወጣ፣ ዲስኩ ለቀቀ፣ ሲስተሙ ታደሰ (ታድሶም ሦስት ጊዜ ጠፍቶ በራ፣ ረምላም ሦስት ጊዜ ነፍሷ ወጥታ ገባች)፣ ድራይቨሩ አዘዘ፣ ካርዱ ሳለ፣ ጌሙ ተከፈተ!

ስዕሉ ትንሽ ይንተባተባል፣ ማራገቢያው ያጓራል። ይሁን። ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ትንሽ ሲቀረው ረምላ ማዳመጫዋን አጥልቃ ገባች። ስክሪኑ ላይ፣ በቡድኑ ዝርዝር ውስጥ፣ ቦታዋ ላይ የአቤነዘር አጎት ልጅ ተቀምጧል።

«ማሽን ገዛሽ እንዴ?» አለ አቤነዘር ደንግጦ።

«አልገዛሁም። አልነሳም ያሉትን ሁሉ አስነስቼ ነው የመጣሁት» አለች ረምላ። «አሁን የቀረኝ የአጎትህ ልጅ ነው። አንተ ታስነሳዋለህ ወይስ እኔ ልግጠመው?»

አቤነዘር አፉን ከመክፈቱ በፊት ልጁ ቦታውን ለቆላት ተነሳ።

ተረቴን መልሱልኝ። አፍ ማበሻውን ዳቦ ግን ለረምላ ላኩላት፤ ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሰችም፣ ውድድሩም ገና መጀመሩ ነው።