የማዶ አልቃሽ

በቀጨሞ ወንዝ ወዲህና ወዲያ ባሉት በወይናምባና በሰንበሌጥ፣ ሰው ሲሞት አስከሬኑ ከቤት የሚወጣው አልቃሿ ከወንዙ ማዶ ተሻግራ ስትመጣ ነው። ሟቹ የወይናምባ ሰው እንደ ሆነ የሰንበሌጥ ሴት፣ የሰንበሌጥ ሰው እንደ ሆነም የወይናምባ ሴት መጥታ ሙሾ ታወርድለታለች። ወንዙ ሞልቶ አላሻግር ካለ ቀብሩ ይቆያል እንጂ የአገሬው ሴት ተነሥታ ግጥም አትገጥምም። ይህን የማያውቅ እንግዳ ለቅሶ ቤት ደርሶ ሰው ሁሉ ዓይኑን ወደ ወንዙ ተክሎ ባየ ጊዜ፣ «ምነው፣ እዚህ አገር ማልቀስ የሚችል ሴት ጠፋ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። «የኛዎቹማ ሲያለቅሱ ሰው ይሞታል» ይሉታል። እንግዳው ቀልድ ይመስለዋል።

ነገሩ ከምን እንደ መጣ ሲጠየቁ የሁለቱም አገር ሽማግሌዎች የሚናገሩት ታሪክ አንድ ነው፤ የሚከራከሩት ከሁለቱ ሴቶች ማን ትበልጣለች በሚለው ላይ ነው። ወይናምባዎች መጀመሪያ ወንዙን የተሻገረችው የእኛ ናት ብለው ይኮራሉ፤ ሰንበሌጦች ደግሞ «መሄድማ ማንን ያቅተዋል፤ ማስገባት ነው እንጂ» ይላሉ። ክርክሩ እስከ ዛሬ አላለቀም፤ እንዲያልቅ የሚፈልግም ያለ አይመስልም።

እንደሚነገረው በዚያ ዘመን ወይናምባ ለአንድ ንጉሥ፣ ሰንበሌጥ ለሌላ ንጉሥ የሚገብሩ አገሮች ነበሩ፤ ወንዙም የሁለቱ መንግሥታት ድንበር ነበር። ከወንዙ ዳር ከብት የሚጠጣው ሆራ አለ፤ ሁለቱም ወገን የእኔ ነው ይለዋል። በሆራው ላይ መጀመሪያ ማን ማንን እንደ ገደለ የሚያስታውስ ሰው አልነበረም፤ ደሙ ግን ከአባት ወደ ልጅ እንደ ርስት ይወርድ ነበር። የነገሥታቱ መልእክተኞች ይወርዳሉ፣ ሽማግሌ ይቀመጣል፣ የደም ካሳ ይቆረጣል፣ «እርቅ ደም ያድርቅ» ተብሎ ተመራርቆ ይለያል፤ ዓመት ሳይሞላ ሌላ ሰው ሆራው ላይ ይወድቃል። ሽማግሌዎቹ ግራ እየተጋቡ አንድ ጊዜ መሐላውን ያጠብቃሉ፣ አንድ ጊዜ ካሳውን ይጨምራሉ፣ አንድ ጊዜም የተቀመጡበት ዛፍ ጥላው ክፉ ነው ብለው ዛፍ ይለውጣሉ። ሁሉን ሲመረምሩ ያልመረመሩት አንድ ቦታ ለቅሶ ቤቱ ነበር።

የሁለቱም አገር ደንብ እንዲህ ነበርና። ሰው ተገድሎ እንደ ሆነ አልቃሿ የአሟሟቱን ነገር አንድ ባንድ እያነሣች ሙሾ ታወርድና፣ በመጨረሻው ግጥም ደሙን የሚመልሰውን ሰው በስሙ ትጠራዋለች። ያልተጠራ አይሄድም፤ የተጠራ አይቀርም። የተጠራው ሰው ሠልስቱ እስኪወጣ ይቆይና ጦሩን ይዞ ወንዙን ይሻገራል። ስለዚህ በዛፍ ጥላ ሥር የታሰረው እርቅ ሁሉ የሚፈታው በአንዲት ሴት አፍ፣ በሁለት ስንኝ ነበር። ይህን ያህል የታወቀ ነገር ሆኖ ሳለ ማንም ልብ ሳይለው መኖሩ ዛሬም ሰሚውን ሁሉ ያስገርማል።

ከወይናምባ አልቃሾች እመት ዘርትሁንን የሚስተካከል አልነበረም ይባላል። ድምፅዋ እንኳ ያን ያህል አልነበረም፤ ግጥሟ ነው። ባሏ ጎሹ ሆራው ላይ ሲገደል እርጉዝ ነበረች፤ የወለደችውንም ወንድ ልጅ ደመላሽ አለችው፤ ስሙን የሰማ ሁሉ ነገሩ ገባው። ከዚያ ወዲህ ስንቱን የሰው ልጅ በስሙ ጠርታ ሰድዳለች። ልጁ የተጠራባት እናት ግን ዘርትሁንን አኩርፋት አታውቅም፤ አልቃሽ ደንቧን ትፈጽማለች እንጂ ሰው አትመርጥም ይባል ነበር። እሷም እንዲያው ታምን ነበርና ከለቅሶ ስትመለስ እጇን ታጥባ እራቷን ትበላ ነበር።

አንድ ጊዜ ታዲያ በሆራው እንደ ልማዱ ጠብ ተነሣና የጎሹ ወንድም ተድላ ሞተ። ከሰንበሌጥ በኩልም ገላው የሚባል ጎልማሳ በጦር ተወግቶ ወገኖቹ ተሸክመውት ሄዱ። ዘርትሁን ለተድላ ሙሾ አወረደች። ሙሾ ሲይዛት ሌላ ነገር አታይም ነበር፤ የባሏን ደም ከወንድሙ ደም እያገናኘች፣ ሕዝቡን እያስለቀሰች፣ ቤት እየመታላት ሄደችና መጨረሻው ላይ ደረሰች።

የጎሹ ደም ከሆራው ሲጣራ ከረመ፣
ሰሚ የለም ሲባል ደመላሽ ቆመ።

«አለሁ» አለ ደመላሽ፣ እንደ ደንቡ የጦሩን እግር መሬት መትቶ።

ዘርትሁን የተናገረችውን የሰማችው ያን ጊዜ ነው ይባላል። ከጎሹ ወገን ጦር የሚይዝ እሱ ብቻ መቅረቱን ለቅሶ ቤት ያለው ሁሉ ያውቃል፤ እሷ ግን ግጥሙ ይዟት ሄዶ የገዛ ልጇን አስጠራት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና ልመልሰው ብትልም መንገዱን አታውቀውም። እዚያው ቁጭ አለች። ሰዎቹ ለተድላ ያዘነች መስሏቸው አጽናኗት። ያን ቀን እራት አልበላችም።

በማግስቱ ከወንዙ ማዶ ዋይታ ተሰማ፤ ገላው ሞቷል። የሰንበሌጥ አልቃሽ ደግሞ እናቱ እመት አትጠገብ ነበረች፤ እናት በልጇ ላይ ሙሾ አታወርድም፤ ይህም የሁለቱም አገር ደንብ ነው። አልቃሽ ደግሞ ሙሾ ካላወረደች አስከሬን አይወጣም። ሌላ አልቃሽ ከሩቅ እስክትመጣ ድረስ ገላው እቤት ሊያድር ነው። በዚህም በዚያም ቢሉት የተድላ ሠልስት ሲወጣ የዘርትሁን ልጅ ወይ ይገድላል ወይ ይሞታል። ዘርትሁን በነጋታው ነጠላዋን አዘቅዝቃ ወደ ወንዙ ወረደች። ለምን እንደ ሄደች ሰው አይስማማም። የልጇን ነፍስ ልትለምን ነው የሚሉ አሉ። ዕድሜዋን ሙሉ ያስገደለቻቸው ሰዎች ምን ዓይነት ሰዎች እንደ ነበሩ አንድ ጊዜ እንኳ ለማየት ነው የሚሉም አሉ።

ድንበሩ ላይ የሰንበሌጡ ንጉሥ ኬላ ጠባቂ አስቆማት።

«ወዴት ነው?»

«ለቅሶ።»

«የማን?»

«የገላው።»

ጠባቂው ከዚያ ማዶ ለመጣ ነጋዴ፣ ለመጣ ሰላይ፣ ለመጣ ጦረኛ ምን እንደሚደረግ ያውቃል፤ ከዚያ ማዶ ለመጣ ለቀስተኛ ምን እንደሚደረግ ግን የነገረው የለም። ራሱን አከከና አሳለፋት።

ለቅሶው ቤት ስትደርስ ወንዶቹ ተነሡ። የገላው ታናሽ ወንድም ይበልጣል ጦሩን አነሣ። አንድ ሽማግሌ «ነጠላ አዘቅዝቆ የመጣን ሰው የሚነካ የለም» ብለው ያዙት። አትጠገብ ከልጇ ራስጌ ሳትነሣ እንግዳዋን ስትናገር ሰማቻት። ፊቷን አይታ አታውቅም፤ ድምፅዋን ግን ከወንዙ ማዶ ስታለቅስ ስንት ዓመት ሰምታዋለች።

«አንቱ ዘርትሁን ነዎት» አለች።

«ነኝ።»

«ምን ሊያደርጉ መጡ?»

«ለልጅዎ ላለቅስ ነው የመጣሁት። እንዴት እንደ ሞተ አውቃለሁ። ምን ዓይነት ሰው እንደ ነበር ግን አላውቅም። ይንገሩኝና ላልቅስለት።»

 አትጠገብም አልቃሽ ናት፤ ስንቱን ሟች ስታለቅስ እንዲህ ያለ ጥያቄ ሰው ጠይቃ አታውቅም፤ አሟሟቱ ይበቃት ነበር። በኋላ ቀስ እያለች ትናገር ጀመር። ገላው ነጎድጓድ ይፈራ ነበር፤ ሚስት ካገባ በኋላ እንኳ ሰማይ ሲያጉረመርም እናቱ ቤት ምክንያት ፈጥሮ ይመጣል፤ ሚስቱም እያወቀች ዝም ትላለች። የወለደች ላም አይቶ ማለፍ አይችልም። ዘፈን ሲዘፍን ደግሞ ከብቱ ሳይቀር ይሸሻል። እዚህ ላይ ከለቀስተኛው መካከል ሳቅ ያመለጣቸው ነበሩ ይባላል፤ አትጠገብም ሳቀችና ሳቋ ወደ ልቅሶ ሄደ። ዘርትሁን ያን ጊዜ ተነሣች።

ነጎድጓድ ሲመጣ ይሸሸግ የነበር፣
ዛሬ ብቻውን ነው በዝናብ በአፈር።

ስለ ጦር አላነሣችም፤ ስለ ሆራው አላነሣችም። የሰማችውን ሁሉ ግጥም አድርጋ መለሰችላቸው፤ ሰንበሌጥም እንዲያ አልቅሶ አያውቅም ይባላል። ከዚያ መጨረሻው ላይ ደረሰች። ይበልጣል ጦሩን አጥብቆ ስሙን ይጠብቃል፤ ከላይኛው ከንፈሩ በላይ ጺም ገና ያበቀለ፣ የደመላሽ እኩያ ነው። ዘርትሁን አየችው። ማንን ትጥራ? «ሂድና ልጄን ግደልልኝ» ትበለው? አፏ ተከፈተ፤ ስም ግን አልወጣም። ሕዝቡ ቆሞ ጠበቀ። እሷም ዝም አለች። እንደዚያ ያለ ነገር አይተው አያውቁምና እርስ በርስ ተያዩ። በመጨረሻ እኚያው ሽማግሌ «ያልተጠራ አይሄድም» አሉና ቃሬዛውን አስነሡ። ይበልጣል በሁለት እጁ የያዘውን ጦር የት እንደሚያኖረው አጣ።

ከቀብር መልስ አትጠገብ ዘርትሁንን ለብቻዋ ይዛ ጠየቀቻት፤ አንቱ መባባሉም እዚያ ላይ ቀረ።

«የቀረኝን ልጅ መለስሽልኝ። ያንቺን ልጅ የጠራው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ።»

«እንግዲያ አንቺ ልትመልሺው አትችይም፤ የጠራች አትመልስም» አለች አትጠገብ። «ተነሺ፣ እንሂድ። መንገድ ላይ ስለ ባልሽ ትነግሪኛለሽ።»

የተድላ ሠልስት የወጣው በዚያው ቀን ነበርና ወንዙ ዳር ሲደርሱ ደመላሽ ጦሩን ይዞ ከወዲያኛው ዳር ወደ መሻገሪያው ይገባ ነበር። እናቱን ሲያይ ቆመ። እሷ ጠሪዋ ናትና ምንም ማለት አልቻለችም። አትጠገብ ግን ልጇን የቀበረችበት አፈር ከእጇ ሳይራገፍ ውሃው አፍ ላይ ቆማ፣ ወገኖቿ የገደሉትን ሰው ታለቅስ ጀመር። ጎሹ ሲያርስ እንደሚያፏጭ፣ በሬዎቹን እንደ ሰው እንደሚሳደብ፣ ቂም መያዝ ፈልጎ እንደሚረሳ አነሣች። ከዚያም እንዲህ አለች፤

ገና ከእናትህ ሆድ ሳትወጣ ገና፣
አዱኛ ይልህ ነበር ጎንበስ ይልና።

ደመላሽ ወገቡ ድረስ ውሃ ውስጥ እንዳለ ወደ እናቱ ዞረ።

«እውነት ነው? ስም አውጥቶልኝ ነበር?»

«አዱኛ ነበር የሚልህ። ሆዴ ላይ አፉን ተክሎ ያጫውትህ ነበር።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ሲገደል ስሙንም አብሬው ቀበርሁት። ከዚያ ወዲህ ስለ አባትህ አገዳደል እንጂ ስለ አባትህ የጠየቀኝ ሰው የለም» አለች ዘርትሁን። «እሷ የመጀመሪያዋ ናት።»

ልጁ የአባቱን አሟሟት ከጡት ጋር ሲጠባ ያደገ ነው፤ የወደቀበትን ድንጋይ ያውቀዋል፤ ጦሩ በየት ገብቶ በየት እንደ ወጣ ያውቃል። ሲያርስ እንደሚያፏጭ ግን አያውቅም ነበር። ከውሃው ወጥቶ ሴቶቹ አጠገብ ተቀመጠና «ሌላስ? ሌላስ ምን ይል ነበር?» አለ። ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ጠየቃቸው። ጦሩን ወንዙ ወሰደው ይላሉ፤ ዳገቱን ሊወጣበት ተመርኩዞት ወደ ቤቱ ገባ የሚሉም አሉ።

ደንቡ በአንድ ጊዜ አልጸናም። «ሞታችንን ባላጋራ ሊያለቅስልን?» ብለው የተቆጡ ብዙ ነበሩ። ነገሥታቱም ከዚያ በኋላ ተዋግተዋል ይባላል፤ ነገር ግን በጦርነቱ ጊዜም ቢሆን ነጠላዋን ያዘቀዘቀች ሴት በሁለቱም ሰፈር መካከል ስታልፍ የሚያስቆማት ጠባቂ አልነበረም። አልቃሽ ደግሞ የማታውቀውን ሰው ማልቀስ አይሆንላትምና፣ የሁለቱም አገር ልጃገረዶች ክረምቱን ማዶ ቤት እያሳለፉ መማር ጀመሩ። የሚማሩትም ማን የማን ልጅ እንደ ሆነ፣ ማን ምን እንደሚወድ፣ ማን ምን እንደሚያስቀው ነው። አሁን አሁን ወንዶቹም ይላካሉ። ለዚህ ነው የማዶ ልጅ አንድ ሽማግሌ አጠገብ ቁጭ ብላ «አባባ፣ በልጅነትዎ ምን ያስፈራዎት ነበር?» ስትላቸው፣ «ገና አልሞትሁም እኮ» እያሉ የሚመልሱላት።

ዛሬ በወይናምባም ሆነ በሰንበሌጥ ለደም የሚጠራ ሰው የለም። ሙሾው መጨረሻው ላይ ሲደርስ ግን የማዶዋ አልቃሽ ድንገት ዝም ትላለች፤ ለቀስተኛውም አብሮ ዝም ይላል። ወጣቶቹ ለምን እንደ ሆነ ሁሉም አያውቁትም፤ አልቃሿ ትንፋሽ የምትወስድ ይመስላቸዋል። እናቶቹ ግን በዚያች ዝምታ የወንድ ልጆቻቸውን እጅ ይይዛሉ፤ ቃሬዛው እስኪነሣም ድረስ አይለቁም።