ሦስቱ አረንጓዴዎች የሚወዱት ቀለም

ተረት ላውራችሁ። የሚፈራ ካለ አጠገቡ ያለውን ሰው እጅ ይያዝ። እኔም ይዣለሁ።

አንድ አባት ነበር። አንዲት ልጅ ነበረችው። ልጅቱ ኤልዳና ትባላለች፤ ስድስት ዓመቷ ነው። የሚኖሩት ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ቤቱ ትንሽ ነው፤ ባኞ ቤቱ ግን የሕንጻው መነጋገሪያ ነበር። እናትየው ትርሲት፣ አንድ አሮጌ ሆቴል ሲፈርስ ሄዳ ሦስት ዕቃ ገዝታ አመጣች። ገንዳ፣ የእጅ መታጠቢያና የሽንት ቤት መቀመጫ። ሦስቱም አረንጓዴ ናቸው።

«ጎመን ውስጥ ልትታጠቡ ነው?» እያሉ ጎረቤቶች ሳቁባት።

ትርሲት አልተቆጣችም። ለልጇ ብቻ እንዲህ አለቻት፦ «ሦስቱ ወንድማማቾች ናቸው። ግድግዳው የሚወዱትን ቀለም ካልለበሰ ይጣላሉ። ቆይ፣ ፈልጌ አመጣላቸዋለሁ።»

ቀለሙ ሳይመጣ፣ አንድ ጠዋት ትርሲት ባኞ ቤት ገባች። ኤልዳና ስትገባ አየቻት። ስትወጣ አላየቻትም። እናትየው ውስጥ ወድቃ ነበር፤ ሰዎች ተሸክመው ሲያወጧት ልጅቱን ጎረቤት ወስዷት ነበር። ትርሲት ከሆስፒታል በሕይወት አልተመለሰችም።

ለቀስተኛው ሄደ። ሰማንያዋም ወጣ። ግድግዳው ግን ያው ባዶ ሲሚንቶ ነው። በላዩ ላይ እርጥበት ወጣበት። መጀመሪያ መዳፍ ያክል ነበር። ከዚያ ሳህን አከለ። ከዚያ የሰው ቁመት አከለ፤ ከላይ በኩል አፍ የመሰለ ጥቁር ነገር አበጀ።

ኤልዳና በበሩ ስንጥቅ አየችው።

«እማዬን የዋጣት እሱ ነው» አለች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ባኞ ቤት አልገባችም። ሽንቷን ትይዛለች። ይዛ ይዛ ልብሷ ላይ ሲያመልጣት ታለቅሳለች። አባት ፖፖ ገዛላት፤ «እኔ ሕፃን ነኝ?» ብላ በእግሯ መታችው። ከዚያ ትኩሳት ያዛት። ሐኪሟ መድኃኒት ሰጠችና አባትን ወደ ጥግ ወሰደችው።

«መድኃኒቱ ብቻውን አይረዳትም» አለችው። «መያዙን ካላቆመች ኩላሊቷ ይጎዳል። ኩላሊት እንደ ጥርስ ተመልሶ አይበቅልም።»

ስለዚህ አባት አንዲት ትንሽ ነገር ፈለገ። ልጁ ባኞ ቤት እንድትገባ ብቻ።

«ኤልዳናዬ፣ ግቢ።»

«አልገባም።»

«ለምን?»

«ግድግዳው ካልፈካ አልገባም። ሦስቱ አረንጓዴዎች የሚወዱትን ካልለበሰ አልገባም።»

አባት ሄደ፤ ከባኞ ቤቱ በር ፊት፣ ኮሪደሩ ላይ ቆመ። በሩን አልከፈተም። ከውጭ ሆኖ ለመነ።

«አንተ ግድግዳ፣ ፍካ። አንተ ካልፈካህ ኤልዳና አትገባም። ኤልዳና ካልገባች የሚሆነውን ሐኪሟ ነግራኛለች።»

ከውስጥ ጠብ፣ ጠብ የሚል ድምፅ መጣ። ግድግዳው በዚያ ድምፅ መለሰ።

«አልፈካም። ላቤ አልደረቀም። ገላዬ አልተፋቀም። ቀቢ ካልመጣ አልፈካም።»

አባት ወደ አደባባዩ ወረደ። ቀቢዎች ሮለራቸውን እንደ ጦር አቁመው ሥራ የሚጠብቁት እዚያ ነው። ከመካከላቸው ሽማግሌውን ጋሽ ወርዶፋን መረጠ።

«ጋሽ ወርዶፋ፣ ይንከሩ። እርስዎ ብሩሽ ካልነከሩ ግድግዳው አይፈካም። ግድግዳው ካልፈካ ኤልዳና አትገባም። ኤልዳና ካልገባች የሚሆነውን ሐኪሟ ነግራኛለች።»

ጋሽ ወርዶፋ ማክሰኞ ዕለት መጡ። በሩን ከፍተው ገቡ። አባት ኮሪደሩ ላይ ቀረ። ሽማግሌው የሚያንጠባጥበውን ቧንቧ አጠበቁ፣ እርጥቡን ልስን ፋቁ፣ አቧራቸውን እያራገፉ ወጡና በሩን መልሰው ዘጉ።

«እስከ ሐሙስ ይደርቃል። ቀለም ግን አልነክርም።»

«ለምን ጋሼ?»

«ምን ቀለም ልንከር?»

«ነጭ ይሁን።»

«ነጭ! ከዚያ አረንጓዴ ጋር? ክሊኒክ ሊሆንብህ! ስማ ልጄ። ዕቃው ቀድሞ ገብቷል፤ ግድግዳው ነው የሚታዘዘው። አንዴ አንዷ ሮዝ ገንዳ ነበራት። ቀይ ቅባልኝ አለችኝ፤ እሺ ብዬ ቀባሁ። እስከ ዛሬ ባየችኝ ቁጥር ‹ቄራ ውስጥ ነው የምታጠበው› ትለኛለች። ከዕቃው ጋር የሚስማማ ቀለም ተበጥብጦ ካልመጣልኝ ብሩሼ አይነከርም።»

ሐሙስ ጠዋት አባት ቀለም ሻጯ ወይዘሮ ሰአዳ ጋ ሄደ። ባልዲ ላይ ባልዲ ደርድራ ከመካከሉ ተቀምጣለች።

«እትዬ ሰአዳ፣ በጥብጪልኝ። አንቺ ካልበጠበጥሽ ቀቢው አይነክርም። ቀቢው ካልነከረ ግድግዳው አይፈካም። ግድግዳው ካልፈካ ኤልዳና አትገባም። ኤልዳና ካልገባች የሚሆነውን ሐኪሟ ነግራኛለች።»

«እሺ። ዕቃው ምን ዓይነት ነው?»

«አረንጓዴ።»

«ምን ዓይነት አረንጓዴ? የባሕር ዛፍ አለ። የቃሪያ አለ። የአቮካዶ አለ። በአፍ የተነገረ አረንጓዴ ሰምቼ በጥብጬ፣ ስንቱ ባልዲውን ተሸክሞ መጥቶ እዚህ ጮኸብኝ!»

አባት ዓይኑን ጨፈነ። አረንጓዴው አልመጣለትም። የመጣለት ሌላ ነገር ነው። ዓይኑን ቶሎ ገለጠ።

«ካየሁት ቆየሁ» አለ።

«የገዛ ቤትህን ባኞ ቤት?»

እሷም አየችው፤ ጥቁር ሸሚዙን አየች።

«ቆይ፣ የትርሲት ባል ነህ እንዴ?» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «አላህ ያጽናህ ወንድሜ። እዚህ ነበር የቆመችው። ሦስት ዓይነት ቀለም በካርቶን ላይ ቀብቼ ሰጠኋት። ‹ከዕቃው አጠገብ አስጠግቼ በጠዋት ብርሃን አያለሁ፤ ነገ እመጣለሁ› አለችኝ። አልመጣችም። እኔም ሌላ ሱቅ ሄዳለች ብዬ ተቀይሜያት ነበር፤ አፉ በለኝ።»

«ታዲያ በጥብጪልኝ።»

«የትኛውን እንደመረጠች በምን አውቃለሁ? ካርቶኑን አምጣ። ካርቶኑ ካልመጣ አልበጠብጥም።»

አባት ደረጃውን ቀስ ብሎ ወጣ። ያን ጠዋት ትርሲት ለምን እንደገባች አሁን አወቀ። ጋሽ ወርዶፋ ሮለራቸውን ታቅፈው ከቤቱ በር ላይ ይጠብቁታል።

«ካርቶን? አይቼዋለሁ» አሉ። «ከእጅ መታጠቢያው ሥር ወድቋል።»

«ጋሼ፣ ገብተው ያንሱልኝ።»

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ቧንቧ አጥብቅ በለኝ፣ አጠብቃለሁ። ግድግዳ ፋቅ በለኝ፣ እፍቃለሁ። ሟች በመጨረሻ የያዘችውን ግን ባዳ አያነሳም። እኛ ዘንድ ነውር ነው። የቤቱ ሰው ነው የሚያነሳው። ማክሰኞ ዕለትም ዞሬው ነው የሠራሁት።»

አባት ብቻውን ወደ ኮሪደሩ ሄደ። በሩ ዝግ ነው። ከሥሩ ቀጭን ብርሃን ይወጣል።

«ካርቶን ሆይ፣ ውጣ። አንተ ካልወጣህ ሻጯ አትበጠብጥም። ሻጯ ካልበጠበጠች ቀቢው አይነክርም። ቀቢው ካልነከረ ግድግዳው አይፈካም። ግድግዳው ካልፈካ ኤልዳና አትገባም። ኤልዳና ካልገባች የሚሆነውን ሐኪሟ ነግራኛለች።»

ካርቶኑ ከውስጥ መለሰ፦ «እግር የለኝም። የጣለችኝ ቦታ ነኝ። በሩ ካልተከፈተ አልወጣም።»

«በር ሆይ፣ ተከፈት። አንተ ካልተከፈትህ ካርቶኑ አይወጣም። ካርቶኑ ካልወጣ ሻጯ አትበጠብጥም። ሻጯ ካልበጠበጠች ቀቢው አይነክርም። ቀቢው ካልነከረ ግድግዳው አይፈካም። ግድግዳው ካልፈካ ኤልዳና አትገባም። ኤልዳና ካልገባች የሚሆነውን ሐኪሟ ነግራኛለች።»

በሩ መለሰ፦ «እኔ እንጨት ነኝ። ለሽማግሌው ተከፍቻለሁ፤ ገፍቶኛላ። እጅህ ካልገፋኝ አልከፈትም።»

አባት ቀኝ እጁን አየ። እጁ ኪሱ ውስጥ ነበር።

«እጄ ሆይ፣ ግፋ። አንተ ካልገፋህ በሩ አይከፈትም። በሩ ካልተከፈተ ካርቶኑ አይወጣም። ካርቶኑ ካልወጣ ሻጯ አትበጠብጥም። ሻጯ ካልበጠበጠች ቀቢው አይነክርም። ቀቢው ካልነከረ ግድግዳው አይፈካም። ግድግዳው ካልፈካ ኤልዳና አትገባም። ኤልዳና ካልገባች የሚሆነውን ሐኪሟ ነግራኛለች።»

እጁ ከኪሱ ሳይወጣ መለሰ።

«አልገፋም። ባለፈው ይህን በር ስገፋ ምን እንዳገኘሁ አንተ ታውቃለህ። ፈራሁ።»

ከእጅ ቀጥሎ የሚለመን አልነበረም። አባት እዚያው ቆሞ ቀረ። ከበሩ ማዶ የሚንጠባጠብ የለም፣ ድምፅ የለም። ዝምታው ከጠብታው ይብስ ነበር።

«አባዬ።»

ኤልዳና ከኋላው ቆማለች። ፊቷ በትኩሳት ቀልቷል። እግሮቿን አጣምራለች፤ ይዛለች ማለት ነው።

«ከማን ጋር ነው የምታወራው?»

«ከእጄ ጋር።»

«ምን አለህ?»

«ፈራሁ አለኝ።»

አሰበችበት።

«አንተም ትፈራለህ?»

«እፈራለሁ።»

«ታች ወደ ዘበኛው ሽንት ቤት የምትወርደው ለዚህ ነው?»

«ለዚህ ነው።»

«እኔን ግን በየቀኑ ግቢ፣ ግቢ ትለኛለህ!»

ልጅቱ አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠረገች።

«ብቻዬን ግቢ አትበለኛ» አለች። «አብረን እንፍራ።»

እጇንም አባቷ ኪስ ውስጥ ከተተች።

ያኔ ትንሿ እጅ ትልቁን እጅ ያዘች። ትልቁ እጅ ከኪስ ወጣ። እጅ በሩን ገፋ፣ በሩ ተከፈተ። ሁለቱም በበሩ ደፍ ላይ ቆሙ። ግድግዳው ተፍቆ ነበር። አፉ ደርቋል፤ ጠርዙ ግን አሁንም ይታያል። ኤልዳና እሱን እሱን እያየች፣ የአባቷን ጣት እስኪያመው ጨብጣ፣ አንድ እርምጃ ገባች። እሱም አንድ ገባ። ካርቶኑ ከእጅ መታጠቢያው ሥር በፊቱ ተደፍቷል። አባት ጎንበስ ብሎ አነሳው።

በጀርባው በትርሲት እጅ ተጽፎበታል፦ «በጠዋት ይታይ። ኤልዳና ትምረጥ።»

አባት ሁለት ጊዜ አነበበላት።

በፊቱ ሦስት ቀለም አለ። ኤልዳና ካርቶኑን ተቀብላ ነጩን ወደ ገንዳው አስጠጋች።

«ታመሙ» አለች።

ሰማያዊውን ወደ እጅ መታጠቢያው አስጠጋች።

«ተጣሉ።»

ሦስተኛው የበሰለ ኮክን ውስጥ ይመስላል። ለገንዳው አሳየችው፣ ለእጅ መታጠቢያው አሳየችው፣ ለመቀመጫው አሳየችው። ከመስኮቱ የሚገባው የጠዋት ብርሃን አረፈበት። ብዙ ቆየች።

«ይኼን ወደዱት» አለች።

ካርቶኑም ወጣ። ካርቶኑ ስለወጣ ሻጯ በጠበጠች። ሻጯ ስለበጠበጠች ቀቢው ነከሩ። ቀቢው ስለነከሩ ግድግዳው ፈካ። ጋሽ ወርዶፋ እጃቸውን እያጠቡ «ጎመኑ ዛሬ ሰው ሆነ!» አሉ፤ ሮለራቸውን ተሸክመው ሄዱ።

ቀለሙ ገና ይሸታል። ኤልዳና ከደፉ ላይ ቆማ አየች። አፉን ፈለገችው። የለም።

«አሁን ብቻዬን» አለች።

ገባች። በሩን ዘጋችው።

አባት ኮሪደሩ ላይ ቆመ። ያን ጠዋትም በሩ እንዲህ ነበር የተዘጋው። ምንም አልሰማም። እጁን በሩ ላይ አሳረፈ፤ አልገፋም። አሁንም ምንም። ከዚያ ሽንት ሲወርድ ሰማ፤ ረጅም ነበር። ከዚያ ውሃ ተለቀቀ። ከዚያ ቧንቧ ተከፈተ፤ ተዘጋ።

በሩ ተከፈተ።

«አባዬ፣ ገባሁ» አለች።

«አየሁሽ።»

«ወጣሁም።»

ፎጣ ማንሳት ረስታለች። እርጥብ እጇን በአባቷ ሱሪ ጠረገች፤ መዳፏንም አይበሉባዋንም።

ተረቴን መልሱ፣ እርጥብ እጄን አብሱ።