በበሩ ላይ የተለጠፈው ዜሮ

ሰው በገዛ እጁ፣ ልቡ ሳያውቅ፣ በራሱ ላይ ሊፈርድ ይችላል?

ወገኖቼ፣ ይህን ጥያቄ ይዤ ነው ዛሬ ፊታችሁ የቆምኩት። መልሱን አላውቀውም። ሰባኪ ከማያውቀው ነገር ሲጀምር ደስ እንደማይል አውቃለሁ። ስምንት ዓመት ሩቅ አገር ተቀምጬ የተማርኩት ትምህርት ለብዙ ነገር ስም ሰጥቶኛል፤ ለዚህ የሰጠኝ ስም ግን አልበቃኝም። ስለዚህ ታሪኩን ልንገራችሁና አብረን እንየው።

አንድ ሰው ነበር። የእንጨት ሥራ ድርጅት ባለቤት ነው። በአንዲት የእጅ መጋዝ ጀምሮ ሠላሳ ሰባት ሠራተኛ ያስተዳድራል። በዚያች ከተማ እሱ ያልሠራው በር የተገጠመለት ቤት ፈልጋችሁ አታገኙም። በወጣትነቱ መጋዝ የቀኝ አውራ ጣቱን ሰንጥቆት ነበርና ጠባሳው በውስጥ በኩል ከጣቱ ጫፍ እስከ አንጓው በሰያፍ ይወርዳል። ሰው ሲጨብጥ ጠባሳው እንዲሰማ አድርጎ ነው የሚጨብጠው። «ይህ የኔ ዲግሪ ነው» ይላል።

ይህ ሰው አንድ ቀን ክልሉን ላስተዳድር ብሎ ተነሣ። ፓርቲውም «ካሸነፍን ርዕሰ መስተዳድራችን እሱ ነው» ብሎ ፎቶውን በየግድግዳው ለጠፈ። መጀመሪያ ግን በገዛ ከተማው ለክልሉ ምክር ቤት መመረጥ ነበረበት። የምርጫ ምልክቱ መሰላል ነው። የተፎካካሪው፣ የአንድ ፋርማሲ ባለቤት፣ ምልክት ደግሞ ጃንጥላ።

በምርጫው ቀን በጠዋት በገዛ ሰፈሩ ወዳለው ጣቢያ ሄደ። ጣቢያው የትምህርት ቤት ክፍል ነው፤ ዴስኮቹን የሠራው እሱ ራሱ ነው። አስፈጻሚዋ ወረቀቱን ሰጥታ «ጋሼ፣ በብዕር ነው በጣት?» አለችው።

«ብዕር የጸሐፊ ነው፣ የኔ ልጅ። እኔ በዚህ ጣት ነው እንጀራ የበላሁት!»

ሰልፈኛው ሳቀ። እሱም ሳቀ። ቀለሙን ይዞ ከመጋረጃው ኋላ ገባ። ወጣ። ወረቀቱን አጥፎ ሳጥኑ ውስጥ ጨመረ። ፎቶ አነሡት።

በማግስቱ ውጤቱ በጣቢያው በር ላይ ተለጠፈ። በሩንም የሠራው እሱ ነው። ሰው ተሰብስቦ ያነባል። ጃንጥላ፣ አራት መቶ አምስት። የተበላሸ፣ ሰባት። መሰላል...

ዜሮ።

እስቲ አስቡት! ሠላሳ ሰባቱ ሠራተኞች የተመዘገቡት እዚያው ነው። ሚስቱ የተመዘገበችው እዚያው ነው። ለቅስቀሳ ያረደውን በሬ የበላው ጎረቤት ሁሉ እዚያው ነው። ይሁን፣ ሁሉም ካዱት እንበል። እሱ ራሱስ? በገዛ እጁ የጨመረው ወረቀት የት ገባ?

ሰውየው አላዘነም። እንዲያውም እጁን አጨበጨበ። በሌሎቹ ጣቢያዎችም ተሸንፎ ነበር፤ ይህ ዜሮ ግን ማስረጃ ሆነለት። «ያዝኳቸው!» አለ። «ሌባ ሲቸኩል እንዲህ ነው። ቢያንስ የኔን አንዷን አይተዉልኝም ነበር?»

ቤቱ ገብቶ ሚስቱን እቴነሽን ጠየቃት።

«አንቺ መሰላሉን ነው የመረጥሽው አይደል?»

እቴነሽ ሽንኩርት እየላጠች ነበር። ቀና አላለችም። «ድምፅ ምስጢር ነው ብለህ በማይክ የጮህከው አንተ አይደለህ?»

«ሚስቴ ነሽ እኮ!»

«የኔን ተወው። ሄደህ የራስህን ፈልግ። የራስህን ስታገኝ የኔንም እነግርሃለሁ።»

ወደ ሥራ ቦታው ሄደ። ሲገባ ማሽኖቹ ሁሉ አንድ ላይ ቆሙ። «መርጣችሁኛል ወይ?» አላቸው። ሠላሳ ሰባቱም «መርጠናል፣ ጋሼ» አሉ። ድምፃቸው እኩል ነበር፤ ልክ እንደ ጸሎት። ዓይኑን ያየው ግን አንድም የለም። ሁሉም የሚያዩት ጥግ ላይ ያለውን የመጋዝ ማሽን ነው። ያ ማሽን ሦስት ዓመት ሰው ነክቶት አያውቅም። እሱ ያን ቀን ልብ ያለው ግን አንድ ነገር ነው፤ ማሽኑ ላይ ቅንጣት አቧራ አልነበረም። ማን እንደሚወለውለው ጠየቀ። ሁሉም ወደየማሽኑ ዞረ።

በከተማው ወሬው ተቀጣጠለ። «የራሱን ድምፅ እንኳ ሰረቁት!» ዘመቻውን የሚመራለት ገዳሙ የሚባል ሰው ከሌሎች ሰፈሮች ወጣቶችን ሰብስቦ መጣ። ድንጋይ በጆንያ፣ ቤንዚን በጄሪካን ተዘጋጅቷል። የባለ ፋርማሲው ቤት ከዚያ አምስት ደቂቃ ነው፤ ሚስትና አራት ልጆች አሉበት።

«ጋሼ፣ አንድ ቃል ብቻ ይበቃል» አለው ገዳሙ። «"ድምፄን ሰረቁኝ" ይበሉ። የቀረውን ለኛ ይተዉት።»

«መጀመሪያ በዓይኔ ልይ» አለ ሰውየው። በራሱ እርግጠኛ ነበረና ድጋሚ ቆጠራ ጠየቀ። ተፈቀደለት።

በአራተኛው ቀን፣ ፀሐዩ ክፍሉን ሞልቶት፣ ሳጥኑ ተከፈተ። ውጭ ወጣቶቹ ቆመዋል። አስፈጻሚዋ ወረቀቶቹን አንድ በአንድ እየዘረጋች ታሳየዋለች። «ጃንጥላ። ጃንጥላ። ጃንጥላ።» ሃምሳ። መቶ። ሁለት መቶ። ሰውየው ከወንበሩ ላይ ሆኖ ያልበዋል። አንዱ በብዕር፣ አንዱ በጣት፤ አንዱ ተንቀጥቅጦ፣ አንዱ ደፍሮ። «ጃንጥላ። ጃንጥላ።»

ሁለት መቶ ስልሳ ምናምን ላይ ሲደርሱ «ቆዪ» አላት።

ወረቀቱ ላይ የአውራ ጣት አሻራ አለ። ትልቅ፣ ጥቁር፣ በደንብ የተጫነ። መሐሉ ላይ በሰያፍ የሚወርድ ነጭ መስመር አለው።

ያረፈው ጃንጥላው ላይ ነው።

ሰውየው አውራ ጣቱን ከወረቀቱ አጠገብ አስቀመጠ። አስፈጻሚዋ ጣቱን አየች፤ ወረቀቱን አየች፤ ከዚያ ቀስ ብላ ወንበሯን ወደ ኋላ አራቀች።

ወገኖቼ፣ እዚህ ላይ ወደ ኋላ ልመልሳችሁ።

ከሦስት ዓመት በፊት በዚያ ጥግ ላይ ባለው ማሽን የሚሠራ ሸጋው የሚባል አናጢ ነበር። ሥራ በዝቶ ነበርና ያው የድርጅቱ ባለቤት «የመጋዙ መከለያ ያዘገያል፣ አንሡት» አለ። አነሡት። በሦስተኛው ቀን መጋዙ የሸጋውን የቀኝ አውራ ጣት ወሰደው። አደጋውን የሚያጣራ ሰው ከሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ ይመጣል ሲባል፣ ባለቤቱ አንድ ወረቀት ይዞ ሸጋው ወደተኛበት ክሊኒክ ሄደ። «ለካሳህ ነው፣ ፈርምልኝ» አለው። ቀኝ እጁ በፋሻ ተጠቅልሏል። ስለዚህ ባለቤቱ የግራ እጁን አንጓ በቀስታ ያዘ፤ ጣቱን ቀለም አስነካ፤ ወረቀቱ ላይ ጫነ። «አይዞህ፣ ሸጋው» አለው።

ወረቀቱ ምን ይላል? «ጠጥቼ ነበር ሥራ የገባሁት» ይላል።

ሸጋው በሠርግ እንኳ ጠላ ቀምሶ የማያውቅ ሰው ነው። አላነበበውም። ለምን ያንብበው? ጋሼ ናቸው ያመጡት! በዚያ ወረቀት ያለ ምንም ካሳ ተሰናበተ።

አሁን ወደ ምርጫው ክፍል እንመለስ። ሰውየው ከመጋረጃው ኋላ የሆነውን የነገረኝ ራሱ ነው። «ቀለሙን ስነካ እጄን በረደኝ» አለኝ። «ከዚያ አንድ እጅ አንጓዬን ያዘኝ። አላስገደደኝም። ታማሚ እንደሚይዙ አድርጎ፣ በቀስታ። ዞር ብል ማንም የለም። "አይዞህ" ሲል ግን ሰምቻለሁ። ስወጣ ረሳሁት። እውነቴን ነው፣ ወረቀቱን እስካይ ድረስ መሰላሉን እንደመረጥኩ እምል ነበር።»

ማን ያዘው? የሩቅ አገር አስተማሪዎቼ «አእምሮ የሸሸገውን ገላ አይረሳውም» ይሉኝ ነበር። እናቴ ብትሰማ «መልአክ ነዋ!» ትላለች። በቅስቀሳ ሁለት ቀን እንቅልፍ ያጣ ሰው ምን የማያየው አለ የሚልም አይጠፋም። ሦስቱንም አምኜ ሦስቱንም ጠርጥሬአለሁ። ተአምር ነው ብዬ አልሸጥላችሁም። አሻራውን ግን አስፈጻሚዋም አይታዋለች።

ሰውየው ወጣ። ገዳሙ ሜጋፎኑን አቀበለው። የጄሪካኖቹ ክዳን ተከፍቷል።

«ድምፄ አልተሰረቀም» አለ። «እዚሁ ነው። አግኝቼዋለሁ። እኔው ራሴ ነኝ ለሌላ የሰጠሁት።»

ወጣቶቹ ተጠጉት። ከዚያ አንዱ «ስንት ከፈሉህ?» ብሎ ጮኸ። ሌላው «ሸጠን! ቀድሞም ነጋዴ!» አለ። ገዳሙ ሜጋፎኑን ከእጁ ነጥቆ መሬት ላይ ከሰከሰው። ፊቱ ላይ ተፉበት። ያመጡት ድንጋይ የእሱኑ ድርጅት ማስታወቂያ ሰሌዳ ሰበረ። የባለ ፋርማሲው ልጆች ግን በሰላም አደሩ።

ቤቱ ገባ። «የራሴን አገኘሁት» አላት እቴነሽን።

«የት?»

«ጃንጥላው ላይ።»

ከአጠገቡ ተቀመጠች። «የኔም እዚያው ነው» አለች። «የሠርጋችንን አልጋ የሠራው ሸጋው ነው። አንድም ሌሊት ደህና ተኝቼበት አላውቅም።»

«ታውቂ ነበር?»

«ከተማው በሙሉ ያውቃል። ማንም አያውቅም ብለህ የምታስበው አንተ ብቻ ነበርክ።»

ወገኖቼ፣ እኔን ያስፈራኝ መጋረጃው ኋላ የነበረው እጅ አይደለም። ያስፈራኝ ዜሮው ነው። አራት መቶ አምስት ሰው ተማክሮ አይደለም ዜሮ የሚሰጠው። እያንዳንዱ ብቻውን ገባ። እያንዳንዱ ያን ማሽን አስታወሰ። ከዚያ ወጥቶ «ጋሼ፣ እንደምን አደሩ» አለ። በሬውን በላ። ሳቀ። ሦስት ዓመት ሙሉ!

እናንተስ? ማንም አያውቅም ብላችሁ የቆለፋችሁት ክፍል የለም? ሰላምታ የሚሰጧችሁ ሰዎች፣ «እንደምን ዋላችሁ» ሲሉ፣ ዓይናቸው ወደየትኛው ጥግ እንደሚሄድ አይታችሁ ታውቃላችሁ? አቧራውን ማን ይወለውለዋል?

ደግሞም እዩ። ይህ ሰው በሺህ ሰው ፊት ተናግሯል። ተተፍቶበታል። ለሺህ ሰው ግን የሸጋውን ስም አላነሣም። ብዙ ሰው ፊት መዋረድ፣ ወገኖቼ፣ አንድ ሰው ፊት ከመቆም ይቀላል። እኔም ከእናንተ አልሻልም፤ ከዚህ ላይ ሆኖ መናገር ምን ይከብዳል?

ሸጋው ዛሬ በአውቶቡስ ሁለት ሰዓት በሚያስኬድ ከተማ የትምህርት ቤት ዘበኛ ነው። ሰውየው የስልክ ቁጥሩን ከሸጋው እህት ተቀብሎ መልእክት ጻፈለት። ጽፎም አሳየኝ። «ለምን ራስህ አትሄድም?» አልኩት። «በሩን ቢዘጋብኝስ?» አለኝ። ዕድሜውን ሙሉ በር የሠራ ሰው!

ዛሬ ከመካከላችሁ ተቀምጦ ይሆናል። አትዙሩ፤ አትፈልጉት። እያንዳንዳችሁ የየራሳችሁን ሸጋው አስቡ። ያለበትን ታውቃላችሁ። አውቶቡሱ የሚነሣበትንም ታውቃላችሁ። ከዚህ ስትወጡ ስልካችሁን ሳይሆን ጫማችሁን አንሡ፤ የስልኩ ነገር እንዴት እንደሆነ አይቻለሁና።

መልእክቱ እንዲህ ይላል፦ «ሸጋው፣ ያን ቀን አልጠጣህም ነበር። መከለያውን ያስነሣሁት እኔ ነኝ። ወረቀቱን ያስፈረምኩህም እኔ ነኝ። እጅህ እንዴት ነው?»

ከተላከ ሰባት ሳምንት ሆነው። ደርሷል ይላል ስልኩ። ተነቧል ይላል።

መልስ የለም።