እመት አህይት ቤቷን ስታራግፍ

አንድ ጊዜ፣ እንስሳት በአንድ ረጅም ገደል ወገብ ላይ ከተማ ቆርቁረው፣ ጠባብ ጠባብ ዋሻ እየተከራዩ፣ አንዱ በሌላው ጣሪያ ላይ ተደራርበው ይኖሩ ነበር። ገዥያቸው አያ አንበሶ ነው። ጅብና አህያ በአንድ ደረጃ እየወጡ እየወረዱ በሰላም የሚያድሩት በማኅበራቸው መሐላ ነበር፤ ማኅበርተኛ ማኅበርተኛን አይበላም። ማኅበሩ በየወሩ በየቤቱ በተራ ይጠጣል። ተራው ደርሶ አባላቱን ሁሉ ማስቀመጥ ያቃተው ግን ከማኅበሩ ይወጣል። የወጣን ደግሞ መሐላው አይጠብቀውም፣ አያስረውምም።

የሚቀጥለው ተራ የእመት አህይት ሆነ። ቤቷ አንዲት ክፍል ናት፤ እሷም ብትሆን ሞልታለች። ዕድሜዋን ሙሉ ስትጫን የኖረች ናትና፣ ባለቤቱ ረስቶት የቀረውን ጆንያ፣ የተሰበረውን ሳጥን፣ ያረጀውን መጫኛ ሁሉ አስገብታ ከምራዋለች። መስኮቱ እንኳ በአሮጌ ኮርቻ ተወትፏል። አያ ጅቦ በደጃፏ ባለፈ ቁጥር አንገቱን አስግጎ ክምሩን ያይና ምራቁን ይውጣል።

«እመት አህይት፣ ተራዎ ደረሰ አይደል?»

«ደረሰ፣ አያ ጅቦ።»

«እሰይ። እኔ መቼም ተርቤ ነው የምመጣው።»

ጭንቀቷን የሰማ ቀበሮ አንድ ቀን ነጭ የበግ አጎዛ ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ መጣ።

«እመት አህይት፣ አሁን ያለው የሰሜን አገር ዘይቤ ነው» አላት። «በረዶ የሚወርድበት አገር ያሉ ሰዎች ቤታቸው እንዲህ ነው የሚያምረው። ይህን አጎዛ ማንጠፍ፣ ነጣ ያለ ወንበር ማኖር፤ አለቀ። ማኅበርተኛው አፉን ይዞ ይቀራል።»

«ዋጋውስ?»

«ለሌላ ቢሆን ውድ ነው። ለእርስዎ ያቺ የገብስ ጆንያ ትበቃኛለች።»

ገብሱ የዓመት ቀለቧ ነው። ቢሆንም ከመበላት መራብ ይሻላል ብላ ልትስማማ ምንም አልቀራትም። ብቻ እስከ ነገ ታገሠኝ አለችው።

ከገደሉ አናት ላይ ሽመላ ጎጆ ነበራት። በየዓመቱ ክረምቱ ሲወጣ ከዚያው ከሰሜን አገር የምትመጣ ናት። እመት አህይት ሄዳ ጠየቀቻት።

«ቀበሮ አገሩን የሚያውቀው በስም ነው» አለች ሽመላ። «እኔ የምከርመው ጣሪያቸው ላይ ነው። ብርዱና ረጅሙ ጨለማ ሲመጣ እኔ እዚህ ነኝ፤ ግን ሲዘጋጁለት አያለሁ። ግድግዳቸውን ነጭ ይቀባሉ። ፀሐይ ብቅ ስትል እንዳታመልጣቸው መስኮታቸውን አይከልሉም። ዕቃቸው ጥቂት ነው፤ እሱም ተራ እንጨት። አንድ ለምለም ነገር በማሰሮ ያበቅላሉ። ይህን ድሃውም አያጣው።»

ይህን ብላ ቤቷን ልታይላት አብራት ወረደች። በሩ ላይ ቆማ ክምሩን እያየች «እኅቴ፣ ይህ ሁሉ የማን ነው?» አለቻት።

«የሰው አደራ ነው። አንድ ቀን ይጠይቁኝ ይሆናል።»

«ጠይቆሽ የሚያውቅ አለ?»

እመት አህይት ዞራ ክምሩን አየችው። ማንም ጠይቋት አያውቅም። የሚጭናት እንጂ የሚያራግፍላት ጠፍቶ፣ በገዛ ቤቷ እንኳ እንደተጫነች መኖሯ ያን ጊዜ ገባትና አለቀሰች። ከዚያ እንባዋን ጠርጋ ኮርቻውን ከመስኮቱ ነቀለችው። ፀሐይ ገባች። ግድግዳዋን ካየችው ስንት ዘመኗ!

ከወንዝ ዳር ነጭ አፈር አምጥታ፣ በጥብጣ ግድግዳውን ቀባች። የሳጥኖቹን ጣውላ ፈታትታ ግድግዳውን ተከትሎ የሚሄድ ረጅም አግዳሚ ሠራች። ከጆንያዎቹ ደህና ደህናውን መርጣ፣ አጥባ፣ ጭድ ጠቅጥቃ መከዳ አደረገችው። በተሸረፈ ማሰሮ የጥድ ችግኝ ተክላ መስኮቱ ላይ አኖረች። አሮጌውን የጠፍር መጫኛ ለአያ ጅቦ ሰጠችው፤ አመስግኖ እዚያው ቆሞ በላው። መልሷን ሊሰማ የመጣው ቀበሮም አጎዛውን እንደተሸከመ ተመለሰ።

የማኅበሩ ዕለት ከሁሉ ቀድሞ የመጣው አያ ጅቦ ነው። ገባና በሩ ላይ ደርቆ ቀረ። አያ አንበሶ ገባ፣ ነብር ገባ፣ ከርከሮና ዝንጀሮ ገቡ። ሁሉም ተቀመጡ፤ ቦታ ተረፈ። ያልሸጠችውን ገብስ ቆልታ አቀረበችላቸው።

«እመት አህይት፣ ቤትሽን አሰፋሽው እንዴ?» አለ አያ አንበሶ።

«ኧረ ያው ናት፣ ጌታዬ። አራገፍኳት እንጂ።»

ሁሉም መረቋት። አያ ጅቦ ብቻ ቆሎውን ሳይወድ በግዱ ቆረጠመ።

ከእሷ ቀጥሎ ባለተራው እሱ ነበር። የአህያ ቤት መመስገኑ አንገብግቦት ቀበሮን አስጠራና፣ ያለውን ሥጋ ሁሉ አስረክቦ አጎዛውንም፣ ጠፍር የተወጠረባቸውን ወንበሮችም ገዛ። ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባላል፤ የእኛው ጅብ ግን በሚያውቁት አገር፣ በገዛ ቤቱ አነጠፈ። እንግዶቹ እስኪደርሱ ብሎ አጎዛው ላይ ጋደም አለ። ሥጋው ለቀበሮ ሄዷልና ሆዱ ባዶ ነው። አጎዛው ደግሞ ይሸታል። ዳሩን ብቻ ልቅመስ አለ። ቀጥሎ መሐሉን ቀመሰ። ከዚያ ጠፍሩን፤ ከወንበሮቹ የተረፈው እግራቸው ብቻ ነበር።

ማኅበርተኛው ደረሰ።

«አያ ጅቦ፣ የት እንቀመጥ?» አለ አያ አንበሶ።

«የሰሜን አገር ዘይቤ ነው፣ ጌታዬ። ዕቃ አይበዛበትም» አለ ጅብ። ጢሙ ላይ ነጭ የበግ ፀጉር ተጣብቋል።

ሁሉም ሳቁ። አያ አንበሶ ግን አልሳቀም። «ሕግ ሕግ ነው። ማኅበርተኛ ማስቀመጥ ያቃተው ይወጣል» አለ።

እመት አህይት ይህን ስትሰማ መሳቋን ተወች። ጅብ ከማኅበሩ ከወጣ ከመሐላውም ወጣ ማለት ነው፤ መሐላ የሌለበት ጅብ ደግሞ ጎረቤቷ ሊሆን ነው።

«ጌታዬ፣ አግዳሚዬ ቀላል ነው፤ መከዳዎቹም ጭድ ናቸው» አለች። «ላምጣቸውና እዚሁ እንቀመጥ። መሸከም እንደሁ የለመድኩት ነው።»

አያ አንበሶም ፈቀደ። ሁሉንም በጀርባዋ አመላልሳ ስትደረድር፣ ማኅበርተኛው ተቀመጠ፤ ቀበሮ ሳይቀር ጥግ ይዞ ተቀመጠ። አያ ጅቦ መሬት መሬት እያየ ተጠጋት።

«እመት አህይት፣ ውለታዎን በምን ልክፈል?»

«መሐላዎን ይጠብቁ፣ ይበቃኛል።»

ማኅበሩ ሲበተን አግዳሚዋን ይዛ ወደ ነጭ ቤቷ ተመለሰች። ችግኟን ውሃ አጠጥታ በሰላም ተኛች።

ከዚህ የምንማረው፣ ቤቱ የጠበበው ሰው ገበያ ከመውጣቱ በፊት ሳያስፈልገው የተሸከመውን ማራገፍ እንዳለበት ነው።