ተጋድሞ የሚውለው ታንኳ

ጣና ዳር ሚስት ያገባ አንድ የደጋ ሰው ነበር። ውሃ የሚያውቀው በእንስራ ብቻ ነው። እንጨት እያሻገረ ሊኖር አሰበና ከደንገል ቄጠማ የተሠራ ርካሽ ታንኳ ሊገዛ ወደ ባሕሩ ወረደ።

በዚያ አገር ታንኳ ከውሃ ሲወጣ ተገትሮ ይደርቃል፤ ካልደረቀ ውሃ እንደጠጣ ይበሰብሳል። ኩራት ያሳበጣቸው የአገሩ ሹም የፊታውራሪ እንግዳሸት ታንኳ ግን ጭቃ ላይ ተጋድሞ ይውላል። «የእኔ ዕቃ እንደ ሎሌ አይገተርም!» ብለው ከልክለዋል። እሳቸውም ቢሆኑ ከበቅሎ ወርደው ታንኳ እስኪገቡ ድረስ፣ እግራቸው እንዳይርስ በሰው ጀርባ ነው የሚሄዱት።

ሰውየው ከአንድ ዓሣ አጥማጅ ጋር ዋጋ ሲነጋገር ፊታውራሪ ደረሱበት።

«የእኔ እያለ የማንን ልትገዛ ነው? የጌታ ታንኳ ነው፤ ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ የለም። አልፈልግም ካልህ ምክንያትህን ተናገር። ምክንያትህ ካልጣመኝ ጅራፍ አለልህ።»

ሰውየው ታንኳውን በእግሩ ጫን ቢያደርገው ከየጎኑ ውሃ ተፋ። ከዚያ ዝቅ ብሎ እጅ ነሣ።

«ጌታዬ፣ እኔ የምፈልገው የሚሸከመኝን ነው። ይህ ግን እርስዎ ቤት ያደገ ነው። በደረቅ ምድር መቆም እንኳ ነውር ነው የተባለ ታንኳ፣ ባሕር መሐል ደርሶ እንደ ጌታው ‹ተሸከመኝ› ያለኝ እንደሆነ፣ እኔ ዋና አልችል!»