ብቻቸውን የገቡት ደጃዝማች

ክብር የማይጠግቡ አንድ ደጃዝማች ለልደታቸው ከአውሮፓ ሮማንቲክ ዘመን የኦርኬስትራ ሙዚቃ እንዲቀርብላቸው አዘዙ። የመጣችው ግን አንዲት ምላሰኛ ፒያኖ ተጫዋች ብቻ ነበረች፤ ያን ሁሉ ቫዮሊንና መለከት ለአሥር ጣቶቿ አመቻችታ ጽፋዋለች። አሽከሩ «ደጃዝማች ገቡ!» ብሎ ሲጮህ ሴትዮዋ ወደ በሩ ዞር ብትል የገቡት እሳቸው ብቻ ናቸው።

ደጃዝማቹ ፒያኖውን አይተው ደማቸው ፈላ።

«ኦርኬስትራ ባልኩ አንድ ፒያኖ? አንዱ እንዴት ብዙ እንደሚሆን ካላስረዳሽኝ ዛሬውኑ ወህኒ ትወርጃለሽ!»

ሴትዮዋ እጅ ነሥታ፣ «ጌታዬ፣ አሁን የመጡት ብቻዎን ነው፤ አሽከርዎ ግን ‹ገባ› አላለም፣ ‹ገቡ› ነው ያለው። እርስዎ ብቻዎን ብዙ ከሆኑ፣ ፒያኖዬ በምን ኃጢአቱ ነው አንድ ተብሎ የሚቆጠረው?» አለች።